ስድስት ቁጥር ወንበር

የጥንት ዕቃ ነጋዴውን ሆራስ ፔንፎልድን ሞቶ ያገኘችው እህቱ ሚስ ኦገስታ ናት። ሐሙስ ጠዋት የመመገቢያ ክፍሉን መጋረጃ ልትገልጥ ስትገባ ወንድሟ ከምድጃው ፊት በጎኑ ተጋድሟል። መነጽሩ እንኳ ከዓይኑ አልወለቀም። አጠገቡ አንድ የማሆጋኒ እንጨት ወንበር የፊት እግሩ ተገንጥሎ ተገልብጧል፤ ከበላዩ የግድግዳው ሰዓት መስታወቱ ተከፍቶ ይታያል። ሚስ ኦገስታ አልጮኸችም። መጋረጃውን መልሳ ዘጋችና ስልክ ወዳለበት ሄደች።

ኢንስፔክተር ጊልበርት ዎርቦይስ ከኢፕስዊች ተነስቶ ሆልብሪጅ ከተማ እስኪደርስ ወሬው ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሮት ነበር። ነፋሱም አብሮ ይዞራል። ከማክሰኞ ጀምሮ ከባሕር በኩል ሲነፍስ ሰንብቶ፣ የመስኮት መዝጊያ ሲያላጋ፣ የሱቅ ሰሌዳ ሲያንኳኳ፣ የከተማውን ሰው እንቅልፍ ነስቶታል። ኢንስፔክተሩም ራሱ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት ሰው ነው። ረጅም፣ ጉልበተ ቀጭን፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዘዋወረ ይንጎራደዳል።

«ነገሩ ቀላል ነበር ጌታዬ» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን ፕላም በሩ ላይ ተቀብሎት።

«ነበር?»

«ሽማግሌው ሰዓቱን ሊሞላ ወንበር ላይ ወጣ፣ እግሩ ተሰበረ፣ ጭንቅላቱ ከምድጃው ድንጋይ ተጋጨ። እንዲህ ብዬ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አበላሸብኝ። ቁስሉ ሁለት ነው አለ። ሰው ደግሞ ሁለቴ አይወድቅም።»

«ሐኪሙን ይቅርታ እንዲጠይቅህ እነግረዋለሁ።»

ፕላም ቀልዱ ዘግይቶ ገባው። «ታዲያ ሰው አሰርኩ» አለ ቶሎ ብሎ። «ሌን ስታርጀስን። የፔንፎልድ ዕቃ ተሸካሚ ነው። ከዚህ በፊት ሰው በጠርሙስ ፈንክቶ ሁለት ዓመት ታስሯል። ትናንት ማታ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። የአውራጃው አዛዥ በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ይወስደዋል።»

«ከተወሰደስ በኋላ?»

ሳጅኑ ገመድ እንደሚስብ በጣቱ ከአንገቱ ወደ ላይ ጎተተ። በዚያ ዘመን ገና ነፍሰ ገዳይ ይሰቀል ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ሆኗል። «እንግዲያው አንቁም» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ሬሳው ተነስቷል። በመሐል ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ወንበሮች። ሰባቱ ቆመዋል፣ አንዱ ወድቋል፤ ከግርጌው በመሮ የተጫረ ስድስት ቁጥር ይታያል። ጥቁር ቀይ እንጨት ናቸው፤ መደገፊያቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ሾጥጦ የተፈለፈለ፣ የፊት እግራቸው ቀጥ ያለ፣ መቀመጫቸው አረንጓዴ ሐር የለበሰ። ዎርቦይስ ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ሲመለከት ቆየ። የእያንዳንዱ ወንበር አራት እግር ምንጣፉን ረግጦ አራት ጎድጓዳ ምልክት ትቷል። ባዶ የሆኑት አራት ምልክቶች በወዲያኛው ጫፍ፣ ከመስኮቱ ሥር ናቸው።

«ፕላም፣ ሰዓት ልትሞላ ብትፈልግ የቱን ወንበር ትወስዳለህ?»

«ይሄን ነዋ» አለ ፕላም፤ ከምድጃው አንድ ክንድ የማይርቀውን መታው።

«እኔም እሱን። የወደቀው ግን ከዚያ ማዶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ የመጣ ነው።» የተሰበረውን እግር አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከስብራቱ በላይ እንጨቱ ተጨፍልቋል፤ የምድጃው ድንጋይ ጠርዝ ቅርጹን ትቶበታል። «ሰው ክብደት ሲጥልበት አይደለም የተሰበረው። ጠርዙ ላይ አጋድመው ረግጠውታል። የምድጃው መቆስቆሻ ብረት ደግሞ አመድ የለበትም፤ ሌሎቹ ብረቶች ሁሉ አመዳም ናቸው፤ መትቶበት ጠርጎታል። ሰውየውን ከገደለ በኋላ መውደቅ ለማስመሰል ወንበር ሰበረ። ይሄ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ሬሳ እግሩ ሥር እያለ፣ ወንበር እጁ ሥር እያለ፣ ለምን ማዶ ድረስ ሄደ?»

«ሌን ሞኝ ነው ጌታዬ።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ዎርቦይስ፤ ግን አልጻፈውም።

*

ሚስ ኦገስታ ፔንፎልድ ወጥ ቤት ቆማ ማንም የማይጠጣው ሻይ ታፈላለች። ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ከልብሷ ይበልጥ ተጣጥፏል።

«ይቀመጡ እንዳይሉኝ» አለችው ገና ሳይናገር። «ከተቀመጥኩ አልነሳም።»

«እኔም መቀመጥ አልወድም። ወንድምዎ ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«እንደ ታመመ ድመት። እዚህ ይቀመጣል፣ እዚያ ይነሳል። ወንበሮቹን አንድ ሙዚየም ሊወስዳቸው ነው፤ ነገ ዓርብ መጥተው ሊያዩ ነበር። ደስ ሊለው ሲገባ ቄሱ ዘንድ ሲመላለስ ሰነበተ። ማክሰኞ ‹ኦገስታ፣ ዓርብ ዕለት አንድ ነገር እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይወስደኛል› አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ሾርባው ቀዝቅዟል አለኝ።»

«ረቡዕ ማን ማን መጣ?»

«አናጺው ኮቦልድ ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹን ሰም ቀብቶ አሰናድቶ በአሥራ አንድ ሰዓት ሄደ። ወዲያው የጥንት ዕቃ መርማሪው መጣ፣ ኦብሪ ሊንተን። የወንበሮቹን ዘመን መርምሮ የፈረመው እሱ ነው። ከሆራስ ጋር ሳሎን ሻይ ጠጥተው በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣ። ቀጥሎ ሌን መጣ። ሆራስ ጠረጴዛ ጫርክ ብሎ ከሥራ አባሮታል። ጩኸታቸው ጎረቤት ተሰምቷል።»

«ሌን ሲወጣ ወንድምዎ በሕይወት ነበር?»

«በሕይወት? ከኋላው እየተሳደበ በሩን የዘጋው ማን ሆነና! ግን ምን ዋጋ አለው፣ ተመልሶ መጥቶ ሊሆን ይችላል ይላል ያ ፕላም። እኔ ሩብ ጉዳይ ለአንድ ወደ መዝሙር ልምምድ ሄድኩ። ሁለት ተኩል ስመለስ ራሴን አሞኝ በቀጥታ ተኛሁ።» ማንኪያውን ጣለችው። «ሬሳ ያለበት ቤት ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ያ ነፋስ ራሴን ባያሳምመኝ ኖሮ ወደ መመገቢያው ብቅ እል ነበር።»

ሐኪሙ ሞቱን በአንድና በሁለት ሰዓት መካከል ነው ብሏል። ዎርቦይስ ባርኔጣውን ሲያነሳ ሚስ ኦገስታ ጠራችው።

«የተሰበረው የቱ ነው?»

«የመስኮቱ ወገን፤ ስድስት ቁጥር።»

«እናታችን ብታይ ታለቅስ ነበር» አለች። ራሷ ግን ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

*

ከፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ አንዲት ሴት ሻሿን በአገጯ ሥር አጥብቃ ቆማለች። ነፋሱ ቀሚሷን ይጎትታል፤ እሷ ግን ግድግዳውን አልተጠጋችም።

«አንተ ነህ ከኢፕስዊች የመጣኸው?» አለችው።

«ነኝ። አንቺስ?»

«ዶርካስ ነኝ፣ የሌን ሚስት። ሦስት ልጆች አሉኝ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አባታችሁ የት ሄደ ልበላቸው? ንገረኝና ልሂድ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትበያቸው።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ?»

ዎርቦይስ ባርኔጣውን አነሳላት። ገባ።

ሌን ስታርጀስ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። የታሰረባት ክፍል ለሦስት እርምጃ ብቻ ትበቃለች፤ እሱም ሦስቱን እርምጃ እየሄደ ይመለሳል።

«ሰደብኩት» አለ። «አልክድም። አሥር ዓመት ዕቃውን ስሸከም አንድ ስኒ አልሰበርኩም። ጠረጴዛውን የጫረው ራሱ ነው፤ ሰሞኑን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰድቤው ወጣሁ፣ ወንዝ ለወንዝ ስሄድ አመሸሁ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ዳክዬዎች።»

«ዳክዬ አይመሰክርም ሌን።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ሰው ቢያየኝም ለኔ አይመሰክርም።» ቆም አለ። «ወንበር ሰብረሃል ይሉኛል። የቱ ነው የተሰበረው?»

«ስድስት ቁጥር።»

«አሃ፣ ቀላሉ! ደህና፣ መሰበሩ ካልቀረ እሱ ይሁን።»

«ቀላሉ ማለት?»

«ከሌሎቹ ይቀላል እኮ! ሲሸከሙት ይታወቃል። አውጣ አግባ ሲሉኝ ሁልጊዜ እሱን መጨረሻ እተወዋለሁ፤ ሲደክመኝ ለሱ።»

«ለምን እንደሚቀል ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«እንጨት እኮ ነው ጌታዬ። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። ሰውስ እንዲሁ አይደል?»

*

ኦብሪ ሊንተን ስዋን በተባለው ሆቴል ፎቅ ላይ ነበር። ሃምሳ አምስት የሚሆነው፣ ፂሙ በጥንቃቄ የተከረከመ፣ ስለ ጥንት ወንበርና ጠረጴዛ ሦስት ወፍራም መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። ሻንጣው ግማሽ ታስሯል። ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ሳይጠጣው ከጠረጴዛ ወደ መስኮት ይዞት ይሄዳል።

«አሰቃቂ ነው፣ አሰቃቂ» አለ። «ሆራስን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ።»

«እኔ ከወንበር የማውቀው መቀመጡን ብቻ ነው ሚስተር ሊንተን። እነዚህ ምናቸው ነው ልዩ?»

የሰውየው ፊት በአንዴ ተለወጠ። «ምናቸው? በንግሥት አን ዘመን የወንበር እግር እንደ ፍየል ጉልበት ይታጠፍ ነበር። ቀጥሎ የመጡት ጫፉ ላይ ኳስ የጨበጠ የአሞራ ጥፍር ጨመሩበት። ከዚያ ማሆጋኒው ከካሪቢያን ደሴቶች በመርከብ ሲገባ ጠራቢዎቹ አበዱ! እንደ ብረት ጠንካራ፣ እንደ ቅቤ ለመሮ የሚመች። እግሩን ቀጥ አድርገው ጥበባቸውን ሁሉ መደገፊያው ላይ አፈሰሱት። የፔንፎልድ ወንበሮች ከዚያች ሰዓት የመጡ ናቸው። በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ክረምት የተሠሩ።»

«ስምንቱም?»

«ፈርሜያለሁ እኮ!»

«ይቅርታ። ረቡዕ አይተዋቸዋል?»

«የመመገቢያውን ክፍል አልረገጥኩም። ሳሎን ሻይ ጠጣን፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ እዚህ ሳነብ አመሸሁ።»

«ሚስተር ፔንፎልድ ዓርብ አንድ ነገር ሊናገሩ ነበር ይባላል።»

«ለኔ ምንም አላለኝም።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ያ ተሸካሚ ተይዟል ሲባል ሰማሁ። ምስኪን። ሌላ የሚጠይቁኝ አለ?»

ዎርቦይስ ትንሽ ጠበቀ። ሰውየው አልጨመረም።

«የለም» አለ። ሲወጣ ግን የብርጭቆውን ውሃ ደፍቶ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ሊንተን ሻንጣው ላይ አጎንብሶ ስለነበር አላየውም።

*

አናጺው ኢሊያስ ኮቦልድ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሱቁ ኋላ ብቻውን ይኖራል። ዎርቦይስ ከሥራው አስነስቶ ወደ መመገቢያ ክፍሉ አመጣው። ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርስ የወደቀውን አየና ሮጦ ተንበረከከ።

«ምን ዓይነቱ አረመኔ ነው! ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«ያሳዝናል» አለ ፕላም። «የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ።»

«የምን ሁለት መቶ! አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።» ሽማግሌው የራሱን ቃል ሲሰማ ደነገጠ። የተገነጠለውን እግር በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቀጥሉ» አለ ዎርቦይስ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ የሠራኋት። ዋናው ስድስት ቁጥር በጦርነቱ ጊዜ ተቃጠለ፤ ፔንፎልድ ለእህቱ ለጥገና ሄዷል ብሏት ነበር። ሰባት ወንበር ደግሞ ለዓይን አይሞላም። ፔንፎልድ የተሰበረ አሮጌ አልጋ አመጣልኝ፤ ከአልጋው እንጨት ሠራኋት። ገዢ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

«አልነገረም። እርስዎስ?»

«እኔ አናጺ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም። ደግሞም አልደበቅኩም። ይሄው፣ ጣትዎን እዚህ ያስገቡ።» የቆመ ወንበር መቀመጫ ከሥር ገፍቶ ነቀለው፤ ሐሩ የተወጠረበት ክፈፍ እንደ ክዳን ተነሳ። «ከመቀመጫው ሥር ያለውን አግዳሚ ውስጡን ይዳስሱ። ማዕበል ማዕበል ይላል፣ አይደል? የጥንቱ ሰው መላጊያ ነው። አሁን የኔዋን። ለስላሳ። ውጪዋን አስመስዬ ውስጧን ለሚጠይቅ ሰው ተውኩት። ግን ማን ጠየቀ?»

«ሚስተር ሊንተን ሲፈርሙ ነበሩ?»

ኮቦልድ ሳቀ። «ነበርኩ! ሊቁ ሁለት መቀመጫ አነሳ። ሁለቱም አሮጌዎቹ ሆኑ። ከዚያ ሻይ ቀረበ።»

ድንገት ሳቁ ቆመ። የተሰበረውን ወንበር መቀመጫ አውጥቶ ከሥሩ ተመለከተ፤ ተነስቶ አንድ ሌላ ወንበር ጋ ሄደ፣ የሱንም አወጣ። «ይሄን የነካካ ማን ነው? እያንዳንዱ መቀመጫና ወንበር ላይ ቁጥር በመሮ ተጭሯል፤ አንዱ ሌላው ውስጥ በግድ ቢገባም በልኩ አይቀመጥም። የአራት ቁጥሩ መቀመጫ ስድስት ውስጥ ገብቷል፣ የስድስቱ አራት ውስጥ። ረቡዕ በእጄ አንድ በአንድ ከትቼ ነው የሄድኩት!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የስንት ዓመት አናጺ ነኝ መሰለህ?» አለ ቁጣው አክብሮቱን አስረስቶት።

ዎርቦይስ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞረ። «ሚስተር ኮቦልድ፣ ከስምንቱ አንዱን ስበር ቢባሉ የቱን ይሰብራሉ?»

«አምስት ቁጥርን። የኋላ አግዳሚዋን ነቀዝ በልቷታል።»

«የራስዎን አይሰብሩም? ሐሰተኛዋን?»

«ያምዎታል እንዴ? ከሷ የተሻለ ሠርቼ አላውቅም!»

ፕላም ኢንስፔክተሩን ወደ ጥግ ሳበው። «ጌታዬ፣ ሰበረ የተባለው ሐሰተኛው ነው። ሌን ደግሞ ‹ቀላሉ› ብሏል። ያውቀው ነበር! በገዛ አፉ ራሱን ሰቀለ።»

«ወይ አወረደ» አለ ዎርቦይስ። «የዱቄት ሰውዬአችንን ከጣቢያ አስጠራልኝ፣ የጣት አሻራ የሚያነሳውን። ይሄንንም ብርጭቆ ስጠው።»

*

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ሚስ ኦገስታ፣ ኮቦልድ፣ ሊንተን ካፖርቱን ለብሶ፣ ሌን እጁ በካቴና፣ ፕላም ከጎኑ። ሰባት ባዶ ወንበር እያለ የሚቀመጥ ጠፋ። ነፋሱ በጭስ መውጫው ገብቶ አመዱን ያነሳዋል። የአዛዡ መኪና ደጁ ላይ ሲቆም ተሰማ፤ አዛዡ ገብቶ ሰዓቱን እያየ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ሠላሳ ደቂቃ ቀርቶኛል» አለው ዎርቦይስ፤ መንጎራደድ ጀመረ።

«ገዳዩ ወንበር የሰበረው ለማስመሰል ነው። የሚቸኩል ሰው ቅርቡን ያነሳል። ይሄ ግን ጠረጴዛውን ዞሮ ስድስት ቁጥርን መረጠ። ስድስት ቁጥር ከስምንቱ ብቸኛው አዲስ ወንበር ነው፤ ሚስተር ኮቦልድ ነው የሠራው።»

ሚስ ኦገስታ ወደ አናጺው ዞረች። «አንተ ኢሊያስ! አሥራ አንድ ዓመት እራት ስትበላ እዚያው ላይ ተቀምጠህ ዝም አልከኝ?»

«ትመቻለች ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«አዲሱ በአጋጣሚ አልተሰበረም» ቀጠለ ዎርቦይስ። «እውነተኛውን ለመስበር እጁ እምቢ ያለው ሰው ነው የሰበረው። ሚስ ፔንፎልድ አዲስ መኖሩን ይኸው አሁን ነው የሰሙት። ሚስተር ኮቦልድ ለሠራት ወንበር እንደ ልጁ ይሳሳል፤ አምስት ቁጥርን ይሰብር ነበር፤ ሳያስብ ነው የመለሰልኝ። ሌንስ?»

«ቀላሉ ብሏል!» አለ ፕላም።

«ብሏል። ሌን፣ ስድስት ቁጥርን ከስምንቱ መሐል ብትፈልገው እንዴት ታገኘዋለህ?»

«አንስቼዋ።»

«ሚስተር ኮቦልድስ?»

«ከበሩ ቆሜ አውቃታለሁ።»

«እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንዱ በትከሻው ያውቃል፣ አንዱ በዓይኑ። ሁለቱም መቀመጫ መንቀል አያስፈልጋቸውም። ትናንት ማታ ግን አንድ ሰው መቀመጫ እየነቀለ ውስጥ ውስጡን ሲዳስስ ነበር፤ ሲመልስም ቸኩሎ አራትና ስድስትን አቀያየረ። ይሄ ሰው ሐሰተኛ እንዳለ ያውቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። ማን ነው እንዲህ ያለ ሰው? ገና ያን ዕለት የተነገረው ሰው ነው። ሚስተር ፔንፎልድ ዓርብ ለሙዚየሙ ሊናገሩ ቆርጠዋል። አስቀድመው ማስጠንቀቅ የሚገባቸው አንድ ሰው ነበር። ስምንቱም እውነት ናቸው ብሎ የፈረመው።»

ሊንተን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቆንጆ ተረት ነው። መቀመጫ ማንም ሊያነሳ ይችላል።»

«ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰው አነጋገርኩ። ሚስ ፔንፎልድ በሐዘን ውስጥ ሆነው የቱ ተሰበረ አሉኝ። ሌን ገመድ ከፊቱ ቆሞ የቱ ተሰበረ አለኝ። እርስዎ እነዚህን ወንበሮች ከሁላችን ይበልጥ የሚወዱ ሰው፣ ፍየል ጉልበት ድረስ ሲነግሩኝ፣ የቱ እንደተሰበረ አልጠየቁኝም። ያን ጊዜ ነው ብርጭቆዎን የወሰድኩት።»

«ብርጭቆዬን?»

«ሚስተር ኮቦልድ ረቡዕ የእያንዳንዱን ወንበር ከንፈር፣ መቀመጫው የሚያርፍበትን ጠርዝ፣ ሰም ቀብቷል። ሰሙ ማታ ገና አልደረቀም ነበር። አራት ቁጥር ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ስድስት ቁጥር ላይ ሁለት። ብርጭቆው ላይ ካለው አሻራ ጋር አንድ ናቸው። እርስዎ ደግሞ ረቡዕ ይህን ክፍል አልረገጥኩም ብለውኛል።»

መዝጊያው ሁለት ጊዜ ተላጋ። ሊንተን ወደ ቅርቡ ወንበር እጁን ሰደደና ሳይነካው መለሰ።

«አንድ ሐሰተኛ አለ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ከሻይ በኋላ፣ ልክ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ። ‹አንዱ የኮቦልድ እጅ ነው ኦብሪ፣ ዓርብ እናገራለሁ።› ወጣሁ፣ መንገዱን ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ሐሰተኛውን አውጣና ሰባቱን ስጣቸው፣ ስሜን ተወው ብዬ ለመንኩት። አልሰማ አለ። ‹ሁለቱን ብቻ አንስተህ ፈረምክ› አለኝ። ሁለቱን ብቻ!» አንገቱ ቀላ። «ከመታሁት በኋላ መሄድ ነበረብኝ። ግን የትኛው እንዳታለለኝ ሳላውቅ እንዴት እሄዳለሁ? ሠላሳ ዓመት በዚህ ነገር ኖሬ፣ አንድ የገጠር አናጺ...»

«ቅርቡን ሰብረው ቢሄዱ ኖሮ» አለ ዎርቦይስ «እኔ እስከ አሁንም ምንም ባላወቅኩ ነበር። ሌንም በገመዱ ይሄድ ነበር።»

«ቅርቡ አንድ ቁጥር ነው!» ሊንተን የተሰደበ ያህል ጮኸ። «የዚያን እጅ ሥራ ልሰብር? አልችልም።»

«ሰውየውን ግን ቻልክ» አለች ሚስ ኦገስታ።

ሊንተን ያን ጊዜ ነው የተቀመጠው። የተቀመጠው አንድ ቁጥር ላይ ነበር፤ ፕላም መጥቶ ክንዱን ይዞ አስነሳው።

የሌንን ካቴና የፈታው ዎርቦይስ ራሱ ነው። ፕላም ጠጋ አለ። «ቂም አትያዝብኝ ሌን፤ ሥራዬ ነው።» ሌን የእጅ አንጓውን እያሸ አየው። ወደ ደጁ ወጣ።

የአዛዡ መኪና በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ዶርካስ ከጣቢያው ተከትላ መጥታ የመኪናውን በር እጀታ በሁለት እጇ ጨምድዳዋለች፤ አንድ ወጣት ፖሊስ ሊያስለቅቃት ይታገላል፣ እሷ አትለቅም።

«ከዚህ አይወስዱትም!» ትላለች። «እኔን ጎትተው ካልሆነ አይወስዱትም!»

«ዶርካስ» አለ ሌን ከኋላዋ። «ልቀቂው። መኪናው የኔ አይደለም።»

ዞራ አየችው። እጆቹን አየች። ሊንተንን ይዘው ሲያልፉ መንገድ ለቀቀች።

«ታዲያ አንተ የት ልትሄድ ነው?»

«ቤት።»

ደረቱን በጡጫ መታችው፣ አንድ ጊዜ፣ ከልቧ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ከፊት ከፊቱ ትሄድ ጀመር፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ለመድረስ እየቸኮለች። ወደ ኋላ አልዞረችም። ነፋሱ ጋብ ባለ ቁጥር ግን እርምጃዋን ቀስ ታደርጋለች፤ የሌንን ጫማ ኮቴ ከኋላዋ ሰምታ ነው መልሳ የምትፈጥነው።